ሳይሄዱ የናፈቁ ተማሪዎች

የልጅ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተመራቂዎች መጽሔት አዘጋጅ ሆናለች። «አባባ፣ ስለ ድሮ ተማሪነትዎ አንድ ነገር ይጻፉልን፤ ግን ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥብን» አለችኝ። የቀረው ገጽ ምን ሊሆን ነው? «ፎቶ ነዋ!» የማን ፎቶ? «የኛ ነዋ!» እንግዲህ የሰባ ዓመት ሰው ግማሽ ገጽ ደረሰው፤ ባለፈው ሳምንት ፀጉሩን የተቆረጠ ጎረምሳ ሙሉ ገጽ።

መጻፉን አልጠላሁም። የጠላሁት ትዝታቸውን ነው። ገና ዩኒፎርማቸው ከላያቸው ሳይወልቅ፣ የማትሪክ ወረቀት ሳይታደላቸው፣ «ያ ወርቃማ ዘመን» እያሉ እንባ ያፈሳሉ። የትኛው ዘመን? ያለፈው ጥቅምት? «የማይረሳው የዘጠነኛ ክፍል ሕይወታችን» የሚል ጽሑፍ ተነበበልኝ፤ ጸሐፊው ገና ጢም አላወጣም። ዘጠነኛ ክፍልን መርሳት ቢያምረውስ መቼ ይረሳዋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው።

ድግሱማ አይነሳ። መጀመሪያ «ከለር ደይ» አሉና በደህና ሸሚዝ ላይ ቀለም ተደፋ፤ ሳሙና በስንት እንደሚገዛ እናቶች ይጠየቁ። ቀጥሎ «ክሬዚ ደይ» መጣ። ሱሪውን ገልብጦ የለበሰ፣ ባንድ እግሩ ካልሲ በሌላው ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ያዩት ጎረቤቴ አማትበው «እባካችሁ ጠበል ውሰዱት» አሉ። መጨረሻ ላይ ጋውን። ድሮ ጋውን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ልብስ ነበር። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰም ይለብሳል፣ ስምንተኛ የጨረሰም ይለብሳል። ለልጅ ልጄ ይህ ሦስተኛዋ ነው። እኔ በዕድሜዬ የለበስሁት ጥቁር የሐዘን ብቻ ነው።

ሳያውቁት በማን አገር እንደተወለዱ ደግሞ ላስታውሳቸው። ያለነው በቆጂ ነው። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለወርቅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ የዚህ ብርድ ልጅ ናት። ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ሁሉም ከዚሁ ነው የተነሱት። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ነው እዚሁ ሜዳ ላይ ሯጭ መልቀም የጀመሩት። ወደ አሰላ ወረድ ሲሉ ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አለ፤ ደብተሩን በክንዱ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ስለነበር፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖም ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ነበር የሚሮጠው። ታዲያ የዚህ አገር ተመራቂዎች «ያሳለፍነው መከራ» በሚለው ዓምዳቸው ምን ጻፉ? የባጃጅ ታሪፍ መጨመሩን! በባጃጅ እየሄዱም እኮ የሚደርሱት አርፍደው ነው።

እኔ ሚኒስትሪ ካለፍሁ በኋላ የተላክሁት አሰላ ነው። አንዲት ክፍል ለአራት ተከራየን። ስንቃችን በገብስ ጭነት ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ እንጀራው ሲያልቅ ድርቆሽ፣ ድርቆሹ ሲያልቅ በሶ፣ በሶው ሲያልቅ በከተማው ውስጥ ዘመድ ፍለጋ። በኩራዝ አጥንተን ስናድር ጠዋት ሁላችንም አፍንጫችን ጥላሸት ነው። ሒሳብ የሚያስተምረን ህንድ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ከተበተኑት የፒስ ኮር አሜሪካውያን አንዱ። ከግቢ ስንወጣ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. የተጀመረው የካዱ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ስዊድናውያን ይጠብቁናል። የሦስቱ እንግሊዝኛ ስለማይገናኝ እኛ ከሁሉም አዋጥተን አራተኛ እንግሊዝኛ ፈጠርን፤ የገባው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ መሰነባበታቸው ነው። ፈተናው ሳይመጣ ተመረቁ፤ ውጤቱ ሳይመጣ ተሰነባበቱ። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ከተቀመጠው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን የነገረን ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ነው። በዓመቱ 3.2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ፈቀቅ ቢልም አብዛኛው ልጅ የሚሄድበት የለውም። ቅዳሜ «እስከ ዘላለም አልረሳሽም» ተባብለው ተቃቅፈው ያለቀሱ ሁለት ልጆች ሰኞ ወፍጮ ቤት ተራ ሲይዙ ይገናኛሉ። «እንዴት ከረምሽ?» ለማለት እንኳ ያሳፍራል። ጥፋቱን በልጆች ላይ ብቻ የሚጭን ሽማግሌ አለ፤ እኔ ግን ቁጣዬን ለሁሉም አዳርሳለሁ። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አምጥቶ መጽሐፉን «ኋላ ይደርሳል» ያለውም ድርሻውን ይውሰድ።

የኛን ክፍል መሰነባበት የጠየቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ ልናገር። አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ «ዕድገት በኅብረት» ብሎ ዩኒቨርሲቲውንም፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም ወደ ገጠር አዘመተ፤ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር። ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም ተባለ። ስም ተጠራ፣ ካኪ ታደለ፣ አንዱ ባሌ፣ አንዱ ሲዳሞ፣ አንዱ ወለጋ። የኔ ካኪ ሌላ አንድ ሰው ጨምሮ ይይዝ ነበር፤ ጋውን ካላችሁ ጋውናችን እሱ ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና፣ ለራሳችን ቤት ኪራይ በወጉ ያልከፈልን ልጆች የገበሬ ማኅበር አደራጅ ሆንን። ፎቶ የለም፣ መጽሔት የለም፣ ዲጄ የለም። ያ ክፍል ዳግመኛ አንድ ላይ አልተቀመጠም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዛሬ ሞኒተራችን ተነሥቶ ስም ቢጠራ «አቤት» የሚለው ስንቱ እንደሆነ መቁጠር አልፈልግም።

ይህን ስነግራት የልጅ ልጄ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ታዲያ አባባ፣ የሚያናድድዎት የኛ መደገስ ነው ወይስ የእናንተ መቅረት?» አለችኝ። ልጅ አስተምሩ ያላችሁ ማነው? ይኸው ውጤቱ!

መልስ አልሰጠኋትም፤ የሰጠኋት ትእዛዝ ነው። ድግሱ ይደረግ። ዲጄውም ይጩህ፣ የኔ ጆሮ እንደሆነ ከሄደ ቆይቷል። ትዝታውን ግን አሥር ዓመት ያሳድሩት። ያን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ይሰብሰቡ፤ ያለፈውም፣ የወደቀውም፣ ዓረብ አገር ሄዳ የተመለሰችውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም። ጋውን ክልክል ነው። ማን ማንን እንዳስኮረጀ በግልጽ ይነገር። የመምህራኑ ቅጽል ስም ሳይሸራረፍ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ምሳው ድርቆሽ ይሁን። በሕይወት ካለሁ መጥቼ ጨው አንሶታል እላለሁ። ከሌለሁም ከመካከላቸው አንዱ በኔ ፋንታ ያማርር፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ስለሚሆን ምክንያት አያጣም።