ማለፊያ ወደብ

የጅቡቲን ወደብ የሚያማ ሰው ስሰማ ደስ አይለኝም። «ሀገሩ አያርስ፣ አያጭድ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ክረምት ከበጋ የሚፈስ ወንዝ የለውም፣ መሬቱ ድንጋይና ጨው ነው፣ ሕዝቡም አንድ ሚሊዮን ቢሆን ነው። ነገር ግን ፈጣሪ ለአንዱ ማሳ ሲሰጥ ለሌላው ቦታ ይሰጣል። ጅቡቲ ቦታ ተሰጥቷታል፤ ቦታዋንም ጠንቅቃ ይዛዋለች። ቦታ ለያዘ ምርት ምን ያደርግለታል?

የዘመናዊ ወደብ ሀብት ባሕሩ አይደለም፤ ባሕር የሌለው ጎረቤቱ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ከተዘጋ ወዲህ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ነዳጁ፣ መኪናው ሁሉ እዚያ ይወርዳል። መርከብ ኩሩ ነው፤ ካስከፉት ፊቱን አዙሮ ሌላ ወደብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መርከብን «ነገ ተመለስ» የሚል ብልህ ወደብ የለም። ሌላ ደጅ የሌለው ባለጉዳይ ግን ቢመሽበትም እዚያው ነው። እንዲህ ያለውን ደጅ ማስጠናት ወጪ የለውም። በርበራ፣ ላሙ፣ ፖርት ሱዳን እየተባለ ሲወራ ይከርማል፤ ወሬ ኮንቴይነር አያወርድም።

ወደብ የሚሸጠው ዋና ሸቀጥ ጊዜ ነው። በተፈቀደለት ነፃ ቀን ያልተነሣ ኮንቴይነር፣ ካለበት ሳይነቃነቅ፣ ቀን በቆጠረ ቁጥር ገንዘብ ይወልዳል፤ ያውም በዶላር። ሰነዱ ላይ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ፣ ባንኩ ቢዘገይ፣ የጭነት መኪና ቢታጣ፣ ማንም ምንም ሳያጠፋ ሂሳቡ ያድጋል። የተቀመጠ ዕቃ ይከፈልበታል፤ ለተቀመጠም ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያለን ሰው «ለምን አትፈጥንም?» ብሎ መጠየቅ ኢኮኖሚክስ አለማወቅ ነው።

ደግሞ የጅቡቲ ባለጉዳይ ባዶ እጁን የሚመጣ አይደለም። ጅቡቲ የምትጠጣው ውኃ ከኢትዮጵያው አዲጋላ በቧንቧ ይወርዳል፤ መብራቱ ከኢትዮጵያ ግድቦች በሽቦ ይሄዳል፤ ጫቱማ በየቀኑ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል። አስተናጋጅ እንግዳው ባመጣው ውኃ ጥሙን ቆርጦ፣ እንግዳው ባመጣው መብራት ሥር የእንግዳውን ብር ሲቆጥር ማየት ልብ ይነካል። መብራቱ ራሱ ለቆጠራው ይረዳል።

ኪራይ መሰብሰብ ቀላል የሚመስለው ሰብስቦ ለማያውቅ ነው። የዱባዩ ዲፒ ወርልድ የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል በ2001 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ቁልፉን ተነጠቀ። ለንደን የተቀመጡ ገላጋዮች ደጋግመው ለኩባንያው ፈርደዋል። ፍርዱ ለንደን ነው፣ በሩ ጅቡቲ። አሜሪካ ለሌሞኒየር ጦር ሰፈሯ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትከፍላለች፤ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያንም አሉ፤ ቻይና በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መጥታ ተቀላቀለቻቸው። እርስ በርሳቸው በዓይነ ቁራኛ የሚተያዩ ሁሉ አንድ በረኛ ጋ ሲደርሱ ፈገግ ብለው ይከፍላሉ። ከማንም ሳይጣሉ ከሁሉም መቀበል! በዚህ ሙያ ከዚህ በላይ ማዕረግ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ሙያ ያለ ባሕር አይሆንም የሚል ቢኖር ሞጆን ይመልከት። ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ደረቅ ወደብ ተብሎ፣ ኮንቴይነር ይቀበላል፣ ኮንቴይነር ያስረክባል። ለካ ወደብ ለመሆን ውኃ ግድ አይደለም፤ በር፣ ሚዛንና ማኅተም ከተሟሉ ይበቃል። ይህ ምስጢር ከታወቀ ወዲህ ደረቅ ወደቦቻችን ስንት እንደ ደረሱ መቁጠር አስቸጋሪ ሆኗል፤ ካርታ ላይ ያልወጡትን ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው አሉ። የባሕር ነፋስ አይደርስባቸውም እንጂ ሞገዳቸው ከፍ ያለ ነው፤ መልሕቅ የጣለ ፋይል በዋዛ አይነሣባቸውም። ወደብ አልባ የሚለው ስም ለዚህ ሁሉ ልማት ንፉግ ይመስለኛል።

በጅቡቲ ላይ ለመፍረድ ለሚቸኩሉ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ወደቡ ለሚያስከፍለው ታሪፍ አለው። ለክሬኑ ይህን ያህል፣ ለመጋዘኑ ይህን ያህል፣ ነፃው ቀን ላለፈበት በቀን ይህን ያህል ተብሎ ታትሟል። ባለጉዳዩ ቢያማርርም የሚያማርረው ቁጥሩን አውቆ ነው፤ የበረኛውን ፊት አይቶ፣ የኪሱን መጠን ገምቶ የሚከፍለው የለም። ከፍሎ ሲወጣም ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

የኤሌክትሪኩ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከወደቡ ወደ ደጋ ያልወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማዳበሪያው ወጥቷል፣ ብረቱ ወጥቷል፣ መኪናው ወጥቷል፣ አሠራሩም ቀረጥ ሳይከፈልበት ወጥቷል። የጭነት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ታሪፉና ደረሰኙ ገና አልተጫኑም።