ገቢ ለሚቀበሉ ባለንብረት፣ ስለ ሐምሌ ዝናብ

ለክቡር የሚኒባስ ባለንብረት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በዝናብ ጊዜ የመኪናውን ፍጥነት ስለመወሰንዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

አቤቱታዬን ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ላድርገው ወይስ ለእርስዎ ብዬ ብዙ አላመነታሁም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መስመር መንግሥት ያለው የቆርቆሮ ምልክት ነው፤ እርስዎ ግን ስልክ አለዎት። ሾፌሩም ማታ ሲገባ «ገቢው ሞላ?» ይባላል እንጂ «በስንት ስትነዳ ዋልህ?» የሚለው የለም።

መንግሥት አልሞከረም አልልም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ለትንንሽ መኪኖች በከተማ ውስጥ 60፣ ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ብሎ ወሰን አበጅቶ ነበር። የፍጥነት ሰንጠረዡ መኪናውን በክብደት፣ መንገዱን በደረጃ ይለይ ነበር። ሐምሌን ከጥር የሚለይ ዓምድ ግን አልነበረውም። ፈረንሳዮች በፈጣን መንገዳቸው 130 የነበረውን ወሰን ዝናብ ሲጥል 110 ያደርጉታል፤ ጣልያኖችም እንዲሁ። በምዕራብ ጎጃም ይህን ክፍተት ማን ይሙላው ሲባል እርስዎ ተገኙ። ሕግዎም አጭር ነው፦ ገቢው ይግባ። ጠራራ ፀሐይ ቢሆን፣ በረዶ ቢወርድ፣ ላህ ወንዝ ቢሞላ አንቀጹ አይሻሻልም።

ሥራ ላይ ሲውል አይቼዋለሁና ልመስክር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ እንዳልን ሰማዩ ጠቆረና አወረደው። ከተሳፋሪው ትንፋሽና ከረጠበው ጋቢ የተነሣ መስታወቱ በውስጥ በኩል ላብ ያዘ። በሾፌሩ በኩል ያለው መጥረጊያ ይሠራል፤ የወዲያኛው ላስቲኩ አልቆ ክንዱ ብቻ መስታወቱን ይፍቃል። ሾፌራችን በግራ እጁ መሪ፣ በቀኝ እጁ ስፖንጅ ይዞ፣ የጀበና ማቶት በምታህል ጥርት ያለች ክብ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ነበር መንገዱን የሚያየው። ስልኩ ጮኸ። ስፖንጁን ጥሎ አነሣው። «እሺ ጋሼ። አዎ ጋሼ። ማንኩሳን አልፌአለሁ።» መሐል መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ ገና ነበረች። ልጁ ውሸታም ተብሎ መቅረትን አልወደደምና ቃሉን እውነት ለማድረግ ነዳጁን ረገጠው። ከኋላ የተቀመጡ እናት «ኧረ ልጄ፣ ቀስ በል» ቢሉ ረዳቱ ቀበል አድርጎ «አይዞዎት እማማ፣ መንገዱን በቃሉ ነው የሚያውቀው» አላቸው።

በቃሉ ማወቁን አልጠራጠርም። ችግሩ፣ በበጋ ያጠናው መንገድ በክረምት ያው አለመሆኑ ነው። ዳር ዳሩ ጭቃ ሲሆን እግረኛው፣ ከብቱ፣ አህያው፣ ጋሪው ሁሉ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ሌላ የሚረገጥ ጠንካራ መሬት የለማ። ጌሳ የደፋ እረኛ ዝናቡ ጆሮው ሥር ሲደበድብበት የእርስዎን ክላክስ አይሰማም። ጃንጥላውን ለነፋሱ ብሎ ወደ ፊት ያዘነበለ ገበያተኛም የሚያየው የገዛ እግሩን ብቻ ነው። ጋሪው ከማሳ ወጥቶ አስፋልት ሲይዝ ቀዩን አፈር በጎማው ይዞ ይመጣና እዚያው ያራግፈዋል፤ ካፊያ ሲያርፍበት ቅባት ነው። የመጀመሪያዎቹ የሰኔ ዝናቦች ደግሞ ይብሳሉ፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። ጉድጓዱም ውኃ ሞልቶ ሜዳ መስሎ ይጠብቃል።

ክቡር ሆይ፣ ሾፌሩን በስልክ ማጣደፍ ይቻላል፤ ፍሬኑን ግን አይቻልም። ሚኒባሱ በ80 ሲሄድ በየሴኮንዱ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ላም አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬን ገና አልተያዘም። ከዚያ ወዲያ በደረቅ አስፋልት፣ ደህና ጎማ ካለው፣ 36 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በርጥብ አስፋልት ያ 36 ወደ 63 ይሄዳል፤ ሲደመር 100 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በ50 ቢመጣ ኖሮ በዚያው ዝናብ 45 ሜትር ይበቃው ነበር። እንግዲህ ዶፍ ወርዶ ከሾፌሩ ፊት የሚታየው 50 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በ80 የሚነዳ ሰው ላሚቱ ጋ ሲደርስ ፍሬኑ ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። በዝናብ ስንት ይነዳ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከመስታወቱ ማዶ ነው፦ እስከሚታየው ድረስ ባለው ርቀት መቆም በሚያስችል ፍጥነት። እይታው ሲያጥር እግርም ይነሣል፤ ምንም ካልታየ ዳር ይዞ መብራት እያበሩ መጠበቅ ነው።

ጎማ ካነሣሁ አይቀር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ናሳ የአውሮፕላን ጎማን ሲመረምር፣ ውኃ በተኛበት መሬት ላይ ጎማ ከአንድ ፍጥነት በላይ ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት እንደሚያቅተውና ላዩ ላይ እንደሚንሳፈፍ አሳየ። በዚያ ቀመር 30 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ የሚንሳፈፈው 90 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ነፋሱ ካነሰ ከዚያ ቀድሞ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ ለውኃው ማሳለፊያ ቦይ ስለሌለው በዝቅተኛ ፍጥነትም ይነሣል። ያኔ መሪውም ፍሬኑም ጌጥ ናቸው። የእርስዎን የኋላ ጎማዎች መናኸሪያ ላይ ጎንበስ ብዬ አይቻቸዋለሁ። ጥርስ ፈልጌ አጣሁ። «እስከ መስከረም ይሄዳል ብለዋል» አለኝ ረዳቱ። ጎማ የሚገዙት ልክ ዝናቡ ሲያበቃ እንዲሆን ማስላትዎን አደንቃለሁ።

አሁን ወደ ትርፉ እንምጣ፤ እርስዎን የሚመለከተው እሱ ነውና። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በ80 ከሆነ 19 ደቂቃ፣ በ50 ከሆነ 30 ደቂቃ። የተረፈው 11 ደቂቃ ነው፤ ማንኩሳ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር የሚጠፋውን ትተን። በዚህ 11 ደቂቃ ምን እንደሚሠራበት ለማየት ጓጉቼ ቡሬ ከወረድሁ በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ሾፌሩ ተራ አስመዘገበ፤ ሻይ አዘዘ፤ መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ጥድፊያው ለተራው ነው ይሉኛል፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጭናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም በ80 ሲሽቀዳደሙ የሚገቡበት ቅደም ተከተል፣ ሁሉም በ50 ቢመጡ ከሚኖረው ብዙም አይለይም። ተራው ያው፣ ተሳፋሪው ያው፣ ሻዩም ያው። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ያለ ሥራ የቆመባቸው ሳምንታት ኪስዎን እንደጎዱት አውቃለሁ። ያንን ኪሳራ ግን ከዝናብ ላይ 11 ደቂቃ እየቆነጠሩ ማስመለስ እንዴት እንደሚቻል ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

መድን አለኝ ይሉ ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞተ ሰው የሚከፈለውን ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለተጎዳ ንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር አድርጎት ነበር። በዚያ ተመን ከሄድን ሾፌርዎን ከእረኛው ይልቅ ከአጥሩ እንዲጠነቀቅ ቢመክሩት ያዋጣል።

እንግዲህ በትሕትና የምለምንዎት፣ ዝናብ በዋለበት ቀን ከገቢው የአንድ ምልልስ ሒሳብ ለሾፌሩ እንዲተዉለት ነው። ደመናው በቡሬ በኩል ሲጠቁር ስልክዎን ያስቀምጡት፤ እጅዎ እምቢ ካለም «የት ደረስህ?» በማለት ፈንታ «ስንት ሜትር ይታይሃል?» ይበሉት፤ ቆሞ ካልሆነ ግን እንዳይመልስልዎት። ማኅበራችሁ ሲሰበሰብም አንዲት ደንብ ብታወጡ አይከፋም፦ ዝናብ እየጣለ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ከግማሽ ሰዓት በታች የደረሰ ሚኒባስ ከተራው መጨረሻ ይሰለፍ። የተነሣበት ሰዓት ስምሪት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የደረሰበትን ተራ አስከባሪው ያያል። ራዳር አያስፈልግ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መመሪያ አያስፈልግ። የእርስዎ ሥልጣንም እንዳለ ይኖራል፤ እንዲያውም በክረምትም የሚሠራ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
ከኋላ ወንበር፣ አንድ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው ስምሪት ክፍል
ለሾፌሩ፣ ዝናቡ ሲያባራ በረዳቱ በኩል የሚነበብለት