ሥራ ፈቱ ማሲ

ነገሩ የተጀመረው ከአሜሪካ በመጣ ፎቶግራፍ ነው። የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላከልኝ። ቁመቷ ከወገብ የማያልፍ አረንጓዴ ትራክተር ላይ ጉብ ብሎ ጥርሱን ያሳያል። ከሥሩም «ጆን ዲር 110፣ የ1963 ስሪት፣ ሰባት የፈረስ ጉልበት። በእጄ ፈትቼ በእጄ ገጠምኳት» ብሎ ጽፏል። 1963 ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከእሱም ከእኔም ትበልጣለች ማለት ነው።

ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ አየችና ፊቷ በራ።

«እሰይ! መሬት ገዛ?»

«አልገዛም እማ። ይቺ የግቢ ሣር ማጨጃ ናት።»

«ሣሩን ለማን ያጭደዋል?»

«ለማንም። ያጭድና ይጥለዋል።»

«ላም የለውም?»

«የለውም።»

«በግስ?»

«ኧረ ምንም የለውም።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «ልጁ ታሟል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ለእናቱ እንዳትነግራት።»

እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በሽታው ተላላፊ ነው። የአጎቴ ልጅ እንደነገረኝ እሱን የመሰሉ ብዙ ናቸው። እሑድ እሑድ አሮጌ ትንንሽ ትራክተሮቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ያጥባሉ፣ ያስነሳሉ፣ አንዱ የሌላውን ሞተር ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ከዚያ በልተው ጠጥተው ይበተናሉ። እንግሊዞች ደግሞ ብሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ማኅበር አቋቁመው በሣር ማጨጃ ይሽቀዳደማሉ። አደጋ እንዳይመጣ ምላጩን ፈትተው ነው የሚሮጡት። ምላጭ የሌለው ሣር ማጨጃ! ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ቆቦ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። በራያ ቆላ ሥራ የማይሠራ ነገር ቦታ የለውም፤ ግመሉም፣ በሬውም፣ ጎርፉ ራሱም ሥራ አለው። ደጋው ላይ የዘነበው በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ደርሶ ሲመጣ ገበሬው እሾህና አፈር ደልድሎ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ጎርፍ እንኳ ሥራ በማይፈታበት አገር እኔ ሥራ ፈት ትራክተር አማረኝ።

ብቻዬን አብጄ መታየት ስላልፈለግሁ ማታ ማታ ቡና የምንጠጣበት ወፍጮ ቤት ሄጄ አማከርኩ። ባለ ወፍጮው ከትዳሩ ይልቅ ከሊስተር ሞተሩ ጋር ረዥም ዘመን የኖረ ሰው ነው፤ ድምፁ ከተቋረጠ ከእንቅልፉ ይነቃል። ወዲያው ተስማማ። በያጁም ተስማማ፤ እሱ ለማንኛውም ነገር «ይበየዳል» ነው መልሱ። ጎሚስታው ጎማው ስንት ቁጥር እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። የቀሩት ጋሽ ቤላሩስ ናቸው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ኦፕሬተር ነበሩ፤ ያኔ ናዝሬት ላይ ይገጣጠም የነበረውን ባለ 80 ፈረሱን ቤላሩስ ነድተው ነው ያረጁት። ከዚያ ወዲህ ትራክተር ተሠርቷል ብለው አያምኑም።

«ምንድነው የምታስነሡት?» አሉ።

«ማሲ ፈርጉሰን 135።»

«አሃ፣ ለልጆች ነው።»

ማሲው ያለው ቆቦ ዳር፣ አክስቴ ግቢ፣ ሾላ ሥር ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ከዘመናት በፊት አሮጌ ሆኖ ገዝቶት፣ አርሶበት፣ አንድ ቀን ሲቆምበት እዚያው ሾላው ሥር ትቶት ቀረ። ማሲ 135 ኮቬንትሪ፣ እንግሊዝ አገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተሠራ ነው። ይሄኛው ሾላው ሥር ጡረታ ወጣ። አክስቴ ግን ጡረታውን አልተቀበለችለትም። ኮፈኑ ላይ በርበሬ ታሰጣበታለች። ከመሪው እስከ ሾላው የልብስ ገመድ ተወጥሯል። ፓራፋንጎው ላይ ዶሮዎች ያድራሉ፤ መቀመጫው ላይ ይጥላሉ።

«ውሰዱት» አለች አክስቴ፤ «ዶሮዎቼ ግን የት ይደሩ?»

ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትመጡ ዶሮ ግብር የምትባል ከተማ ታልፋላችሁ። እኔ የዶሮ ግብር የከፈልኩት ግን ቆቦ ላይ ነው። በሽማግሌ ተደራደርን። በያጁ አዲስ ቆጥ ይሠራል፤ ማሲው ሲድን ማደሪያው ተመልሶ እዚሁ ግቢ ይሆናል። በያጁም ቃሉን ጠብቆ ከላሜራ የተበየደ፣ ቀለም የተቀባ፣ መዝጊያ ያለው ቆጥ ሠራ። የቆቦን ፀሐይ ነው የረሳው። ከረፋዱ ጀምሮ ቆጡ ምጣድ ሆነ፤ ዶሮዎቹ አንዴ ረግጠውት እየጮኹ ሾላው ላይ ወጡ። አክስቴ ሽሮ ልታበስልበት እንደምትችል ነገረችን።

ማሲውን ወደ ወፍጮ ቤቱ የወሰድነው በአራት በሬ ነው። የሚጎትት መኪና ፈልገን ነበር፤ ሾፌሩ የጠየቀው ዋጋ ግን ከማሲው ይበልጣል። ቀንበሩ ተጠምዶ፣ ጅራፉ ጮኾ፣ በሬዎቹ ትራክተር እየጎተቱ በከተማው መሐል አለፉ። እኔ መሪውን ይዣለሁ። አንድ ሽማግሌ ቆመው እስክናልፍ አዩንና «ልጄ፣ ነገሩን ገልብጣችሁት የለም?» አሉኝ።

ሥራው ተጀመረ። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ የመሣሪያ ሳጥኑን አልወሰደም። ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ፒንሳው የታል፣ ክሪኩን አስገባ፣ ቴስታታው ይነሣ፣ ኩሽኔታው አልቋል፣ ሳልባትዮው ዝጓል። አምስት ሰዎች ቆቦ ላይ አንድ የእንግሊዝ ሞተር በጣሊያንኛ ፈታን፤ ከአምስታችን ጣሊያንኛ የሚችል የለም። ጋሽ ቤላሩስ ብቻ አልፎ አልፎ የሩስኪ ቃል ጣል ያደርጋሉ። ትርጉሙን አይነግሩንም፤ ከሚሉበት ሁኔታ ግን ስድብ ይመስለኛል።

ሞተሩ ፐርኪንስ ነው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ። ነክሷል። ቴስታታውን ስናነሣ ከአንዱ ፒስተን በላይ የአይጥ ጎጆ አገኘን፤ ከበርበሬ ቆዳና ከአክስቴ የነጠላ ጥለት የተሠራ፣ ንጹሕ ጎጆ። ናፍታና ዘይት ቀላቅለን ሲሊንደሮቹ ውስጥ አፍስሰን ሳምንት አስተኛነው። ከዚያ ማርሽ ውስጥ አስገብተን የኋላ ጎማውን ወደፊት ወደኋላ መወዝወዝ ነው። በዘጠነኛው ቀን «ቂጭ» አለ። ለዚያች ቂጭታ ባለ ወፍጮው አቦል አስፈላ።

የሰዉ ምክር ግን ከነከሰው ሞተር ይብሳል። መንገድ ዳር የተፈታ ሞተር ያየ የቆቦ ሰው ሳይመክር አያልፍም። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ የባጃጁ ሾፌር፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየት ያደርግና «ካንዴላውን ቀይሩት» ይላል። የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍታው የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ ከመጋሉ የተነሣ ነው። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ ሰሞን ለእያንዳንዱ ከነሥዕሉ አስረዳ ነበር። ኋላ ላይ ባለ ወፍጮው ከቁርጥራጭ ዕቃ መሐል አንድ አሮጌ ካንዴላ አውጥቶ ሞተሩ ጎን በሽቦ አሰረው። ከዚያ ወዲህ መካሪው «እሱን ቀይሩት» ሲል «አዎ፣ አዲስ አዘናል» እንለዋለን። በሰላም ይሄዳል።

ለፋሻና ለጓርኒሲዮን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወረድኩ። «ኦሪጅናል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ደረቱን ነፍቶ «ኦሪጅናል የህንድ!» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት እንጂ እውነቱን ነው፤ ህንዶች ማሲን በፈቃድ መሥራት ከጀመሩ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሁለት ነገር ጎደለ፤ ሞተሪኖውና የናፍታ መርጫ ፓምፑ። ቦታቸው ባዶ ነው። አክስቴን ብጠይቃት እንደ ቀላል ነገር፣

«እነሱማ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው» አለች።

ለካ ጦርነት በነበረበት ዓመት ባሏ እንዳይዘረፉ ፈትቶ፣ በላስቲክና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ያኔ ባዶ በነበረው የማሽላ ጉድጓድ ወለል ላይ አስቀምጧቸዋል። በኋላ ማሽላ ተሞላበት። የቆላውን ጉድጓድ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በአፈር ይደፈናል፤ እንደተደፈነም ዓመታት ይቆያል። ከከፈቱት ግን አየር ገብቶበት ነቀዝ ስለሚፈጥንበት አውጥቶ መጨረስ ነው። ዋጋ ሳይወደድ ጉድጓድ የሚከፍት ሞኝ ነው።

«እና መቼ ይከፈታል?»

«ማሽላ ሲወደድ።»

አክስቴን ማጣደፍ አይቻልም። ጎቢዬ የተባለውን ማሽላ እንኳ እስከ ዛሬ አልተቀበለችም። በስተደቡብ ባለችው ከተማችን ስም የተጠራው፣ እነ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን እንዲቋቋም ብለው የደከሙበት ዝርያ ነው፤ ሰውየው በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አክስቴ ግን «አጭር ነው፤ አገዳው ለላሜ አይበቃትም» ትላለች። እንግዲህ ሽልማት ያላሳመናትን ሴት እኔ በትራክተር ላሳምናት? በዚያ ክረምት በመላው ራያ የማሽላ ዋጋ እንዲወደድ የጸለይን እኛ አምስታችን ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ኃጢአት መሆኑን እናውቃለን።

ሰባት ወር ጠበቅን። ቡናው ግን አልተቋረጠም። እኔና ጋሽ ቤላሩስ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ክርክር ብቻ ነበር የተከራከርነው። አንድ ቀን የማሲ ወላጅ የሆነው ትንሹ ፈርጉሰን ኤድመንድ ሂላሪን አሳፍሮ ታኅሣሥ 1950 ዓ.ም. ደቡብ ዋልታ መድረሱን ነገርኳቸው።

«በምን ላይ ሄደ?»

«በበረዶ ላይ።»

«በረዶማ ያንሸራትታል። መረሬ ላይ ይምጣ!»

በመጨረሻ ጉድጓዱ ተከፈተ። ክፉ አየሩ እስኪወጣ ተጠበቀ፤ ሳይጠብቁ ዘለው የገቡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋልና በዚህ ቀልድ የለም። ማሽላው ወጥቶ ሲያልቅ ከረጢቱ ተገኘ። ፓምፑ ቅንጣት ዝገት የለበትም፤ ጠላ ጠላ ግን ይሸታል።

ያስነሣነው እሑድ ከሰዓት ነው። ባለ ወፍጮው ቢስሚላህ አለ፣ በያጁ በስመ አብ አለ፣ ጎሚስታው ለጥንቃቄ ሁለቱንም አለ። ከናፍታው መስመር አየሩን አስወጣን። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ አጉረመረመ፣ ሁለተኛ አስነጠሰው፣ በሦስተኛው ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ከእፍኝ ማሽላ ጋር ወጣና ተነሣ! ማሽላው እዚያ እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሦስቱ ሲሊንደሮች እየተቀባበሉ ሲመቱ ባለ ወፍጮው ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ቤላሩስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ቆሙ፤ ጭሱ ነው አሉ።

እናቴም መጥታ ነበር።

«አሁን ምን ይሠራል?»

«ምንም እማ። እንዲሁ እናየዋለን።»

አምስታችንን በተራ አየችን። «አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደው?» አለች፤ «እዚሁ ይታመም አልነበር?»

ሥራ ፈትነቱ ግን ሳምንት አልቆየም። ሰኞ ዕለት አንድ አይሱዙ ጎሊና አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ መጡብን፤ ሰው ሲቸገር ዝም አይባልም፣ ጎትተን አወጣነው። ሾፌሩ በምስጋና ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ጣለልን። ወሬው ተሰማ። ማክሰኞ «ስንት ጥማድ ያርሳል?»፣ ረቡዕ «በሰዓት ነው ወይስ በማሳ?»፣ ሐሙስ ለሙሽራ ማጀቢያ ተጠየቀ። «ለሥራ አይደለም፤ ለመዝናኛ ነው» ስንል ዋጋ ለመቆለል የምናደርገው መስሏቸው ጨመሩልን። ባለ ወፍጮው ማመንታት ጀመረ። ጎሚስታው ማረሻ የሚያከራይ ሰው እንደሚያውቅ ጠቆመ። ዓርብ ማታ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩና ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ጎረቤት ማሳ ሊታረስ ተወሰነ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አክስቴ ግቢ ደረስን። በውሉ መሠረት ማሲው ማደሪያው እዚያ ነው። ጋሽ ቤላሩስ የድሮ የኦፕሬተር ኮታቸውን ለብሰዋል። አክስቴ በሩ ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠበቀችን።

መቀመጫው ላይ ገብስማዋ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች። ከሥሯ አሥራ ሁለት እንቁላል አለ።

«ትናንት ነው የታቀፈችው» አለች አክስቴ። «ሃያ አንድ ቀን ነው። ድምፅ እንዳታሰሙ።»

ጋሽ ቤላሩስ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ። ዶሮዋ እጃቸውን ነከሰቻቸው። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተመለሱና ኮታቸውን አስተካክለው፣

«ቤላሩስ ቢሆን ኖሮ አትደፍረውም ነበር» አሉ።