አልጋው አግዳሚ እስኪሆን

በሌላው ዓለም ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ወይም ቢሮ የሰለቸው ጎልማሳ አንድ አሮጌ ባለናፍታ መኪና ግቢው ውስጥ ያቆምና ሲበይድና ሲጠርብ ይከርማል። የኋላውን ቆርጦ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከርና ባትሪ ያስገባበታል፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ይዘረጋል፤ ባሌስትራውን ያስነሣል፣ ጎማውን ያገዝፋል። ሥራው ሲያልቅ ማንም ወደማይደርስበት ተራራ ይወጣና ብቻውን ያድራል። ድካሙ ሁሉ ለዚያች «ብቻውን» ለምትለዋ ነው። ይኸው ነገር ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ላይ ቢሞከር ምን ይሆናል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ መኪናው ይሠራል፤ አሳምሮ ይሠራል። ግን ዓመት ሳይሞላው አልጋው አግዳሚ ወንበር፣ ቤቱም የሕዝብ ማመላለሻ ይሆናል። ሟርት አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ።

መጀመሪያ «ይሠራል» ያልኩትን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ችግሩ የሙያ ይመስለዋልና። ቅጥቅጥ አውቶቡስ በሚሠራበት አገር ስለ ሙያ መጠራጠር ነውር ነው። አይሱዙ ጃፓን ውስጥ ሲታሰብ ዕቃ ሊጭን ነው። እኛ ጋ ሲደርስ የተራቆተው ሻንሲ ላይ ብረት ይቆምለታል፤ ላሜራ ይለብሳል፤ ወንበር ይደረደርለታል፤ በላዩ ፖርቶመጋላ፣ በፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ በርበሬ፣ ፍራሽና እግሯን የታሰረች በግ ይወጡበታል። ይህንን ሁሉ በብየዳና በመዶሻ ያቆመ ባለሙያ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥን ያቅተዋል ማለት ዘበት ነው። መለዋወጫውም ቢሆን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚጠፋ ነገር ጥቂት ነው። የላንድክሩዘሩን 1ኤችዜድ ሞተር ያየን እንደሆነ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ኮምፒዩተር የማያውቅ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍታና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነው። ገጠር ያለ መካኒክ ጆሮውን ብቻ አስጠግቶ በሽታውን ይነግርሃል፤ ማሽን ካልሰካሁ አይልም።

ደጋው የራሱ ፈተና እንዳለው አልክድም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ቀጭን አየር ስለሆነ፣ ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት መኪና ደጋ ላይ ሲወጣ ወደ ሠላሳ የሚጠጉት ፈረሶች ይለግሙበታል። የጉጉፍቱን ዳገት ሊወጣ ሲል ደግሞ ተጨማሪ ጥቂቶች ይታመማሉ። ፈረንጆቹ ለቅዝቃዜ መኪናቸው ውስጥ የሚገጥሙት አነስተኛ የናፍታ ማሞቂያም ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ስለሆነ ደጋ ላይ ነዳጁ ይበዛበትና በጥላሸት ይታፈናል። ውሃ መካነ ሰላም ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ደግሞ ከ90 በታች። ስለዚህ ባለ ተሽከርካሪ ቤቱ የባቄላ ንፍሮ ጥዶ ቢቀመጥ ባቄላው ሳይበስል የጋዝ ሲሊንደሩ ያልቃል። ለዚህ ሁሉ ግን መድኃኒቱ እዚያው አለ። ውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው ምርጡ የመኪና ግድግዳ ሙቀት መያዣ የበግ ሱፍ ነው፤ አጎራባቹ ለጋምቦ ደግሞ የበግ አገር ነው። ግድግዳው ውስጥ ሱፍ፣ አልጋው ላይ ባና ከተደረገ ማሞቂያው ለምን ያስፈልጋል? ባቄላውንም ቢሆን ተቆልቶ ቆሎ ማድረግ ነው፤ ቆሎ ከፍታ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ በቀልድ አይታለፍም፦ ተዘግቶ በተበየደ ሳጥን ውስጥ የቡና ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ከሌሊት ወደ ንጋት የማያደርስ እንቅልፍ ነው። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ቡናው ከውጭ ይፈላ፤ ከውጭ ከተፈላ ደግሞ ጎረቤት መጣ ማለት ነው፤ ወደ ዋናው ነገሬ የሚወስደኝም ይኸው ጎረቤት ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዓባይ ወርዶ በጉንደወይን በኩል ጎጃምን የሚይዝ ሰው መንገዱ ላይ ብቻውን የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው? የገበያ ቀን ከሆነ መልሱ «በጭራሽ» ነው። በደጋው ገጠር ውስጥ ባዶ ወንበር ያለው መኪና የግል ንብረት አይደለም፤ የተረሳ ዕድል ነው። በቃሬዛ የወጣ ሕመምተኛ አለ፤ ወደ ፈተና የሚሄድ ተማሪ አለ፤ ለቀብር የዘገየ ዘመድ አለ፤ አምስት ዶሮ ይዞ «እስከ መታጠፊያው ድረስ ብቻ» የሚል አለ፤ መታጠፊያው ግን አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለእነዚህ ሁሉ «ይቅርታ እናቴ፣ ይህ መኝታ ቤቴ ነው» የሚል አንደበት ያለው ሰው በቦረና የተወለደ አይመስለኝም። ከተናገረም አይገባቸውም። «እና ቀን ላይ ትተኛለህ እንዴ ልጄ?» ይሉታል፤ ጥያቄው ደግሞ ትክክል ነው። የመጀመሪያዋ እናት ፍራሹ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ሰው እንዲቀመጥ ፍራሹ ይጠቀለላል። በሦስተኛው ሳምንት ፍራሹ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፤ በስድስተኛው ወር ጣውላው ላይ ስፖንጅና ፕላስቲክ ይመታበታል። ያኔ አልጋው አግዳሚ ሆነ ማለት ነው፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ሹፌር።

የታሪክ ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ከዚያው ከምዕራብ ወሎ ደጋ ራቅ ሳንል ሴባስቶፖል አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ይህ መድፍ ሰባ ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደለት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። የተሸከመው ጋሪ አገር ውስጥ የተሠራ፣ ያለመንገድ የሚሄድ፣ የባለቤቱን ልዩ ትእዛዝ የጠበቀ ተሽከርካሪ ነበር፤ በዛሬው አነጋገር ኦፍሮድ ማለት እሱ ነው። የጎተተው ናፍታ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸውም ድንጋይ ሲያነሡ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ ጽፈዋል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ በዚህ መልክዓ ምድር ላይ ከባድ ነገር ብቻውን ሄዶ አያውቅም። ዛሬም ክረምት ላይ ዋልካ አፈር ጎማ ሲይዝ የሚያወጣው ፎር ዊል ድራይቭ ሳይሆን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሃያ ጎረምሳ ነው። ገፍቶ ያወጣህን ሰው ደግሞ ጥለኸው አትሄድም። ይሳፈራል።

«ነገሥታቱስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነበር፤ በተለይ ይህ የአማራ ሳይንት አካባቢ ደግሞ አትሮንሰ ማርያም የተተከለችበት፣ ከነገሥታቱ መናኸሪያዎች አንዱ ነበር። ንጉሡ በየወቅቱ ቤቱን ነቅሎ ይሄዳል፤ ተንቀሳቃሽ ቤት ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እስማማለሁ። ነገር ግን በልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈውን ያየ ሰው፣ ከንጉሡ ድንኳን ጋር ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም፣ ችሎቱም አብረው ይጓዙ እንደነበር ያውቃል። ይህ ለእኔ ይመሰክራል እንጂ ለተቃዋሚዬ አይመሰክርም። ንጉሠ ነገሥት እንኳን ብቻውን ሰፍሮ ማደር ካልቻለ፣ አንድ የመካነ ሰላም የመንግሥት ሠራተኛ በየት በኩል ይችላል?

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነው። በፊያት ኤንትሬ ዘመን ከአሰብ በኮምቦልቻ ሲመላለሱ የኖሩት፣ ዛሬም የጅቡቲን መንገድ የያዙት፣ ጋቢና ውስጥ ይተኛሉ፤ ድስትና ሽንኩርታቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ ማንም መጥቶ አልጋቸው ላይ አልተቀመጠም። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። የጋቢና አልጋ የቆየው ግን ሥራ ስለሆነ ነው፤ ከኋላው የጫነው ጭነት አለ፤ ጭነት ያለው ሰው «ሞልቷል» ቢል ይታመናል። ደግሞም ሹፌሩ ብቻውን አይደለም፤ ረዳት አለው። ከተማ ሲደርስና አልጋ ሲያገኝ ከጋቢናው ይወርዳል፤ መኪና ውስጥ መተኛትን እንደ መዝናኛ የቆጠረ ሹፌር እስካሁን አልተሰማም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚያቋርጡት ፈረንጆችም ቢሆኑ ሲነጋ መስኮታቸውን የሚከፍቱት ለተራራው ሳይሆን ለአርባ ሕፃናት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ እሸነፋለሁ። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ነው፤ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጥቅጥቅ ያለው ደን አለ፤ ሊያጠና ወይም ሊጎበኝ የሄደ ሰው ግን የሚያርፍበት ማረፊያ እንደልብ አያገኝም። ለተመራማሪና ለፓርክ ጠባቂ የሚሆን፣ አራት ሰው የሚያስተኛ፣ በመካነ ሰላም ጋራዥ የተበየደ ባለናፍታ መኪና የምር ያስፈልጋል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ካምፓሱ መካነ ሰላም ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች ከሚያባዙት የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ አንድ እንዲህ ያለ መኪና ቢሠሩ ደስ ይለኛል። እሱም ቢሆን የመስክ ሥራ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚያመላልስ እናውቃለን።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ናፍታ ምን ይሠራል?» ለሚለኝ፣ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስም አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት ማድረጉን አልረሳሁም። ይህ ግን አሮጌውን ናፍታ መኪና አልገደለውም፤ ጡረታውን ሰረዘበት እንጂ። አዲስ ካልገባ ያለው ይቀጠቀጣል። የሚቀረው ሊብሬውና ታርጋው ነው። የአካል ዓይነቱ የተቀየረ መኪና መርማሪው ፊት ቀርቦ ቦሎ መለጠፍ አለበት፤ መርማሪው ደግሞ ከውስጥ ማጠቢያ ሳህንና መጋረጃ ሲያይ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ምልክት እንደሚያደርግ ይቸገራል። የእኔ ምክር፣ ሠሪው ከመጀመሪያው ወንበር ቆጥሮ ያስመዝግብ፤ ከውጭ መያዣ ብረት ይበይድ፤ በሩን ከኋላ ሳይሆን ከጎን ያውጣ፤ መሰላሉ ሰፊ ይሁን። ኮድ 2 ለጥፎ አሥራ አራት ሰው የያዘ ባለቤት የተያዘ ቀን «ተሳፋሪ አይደሉም፣ እንግዶቼ ናቸው» ማለቱ አይቀርም፤ በቦረና ደንብ እውነቱን ነው። ትራፊክ ፖሊሱም ቅጣቱን በሥርዓት ጽፎ፣ ደረሰኙን ቆርጦ ከሰጠ በኋላ፣ እስከ አቀስታ ቦታ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል።