የናፍጣዋ ኮሮላ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የለቅሶ ማኅበራችን የቅሬው አባላት፣ ከወልዲያም ከመርሳም ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎችም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ እግዚአብሔር ያጥናችሁ፣ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። ከመካከላችሁ ስምንቱን ጭና ያመጣችው ራሷ ሟች ስለሆነች፣ አንዳችሁ ሞተሯን አጥፉልኝና ታሪኳን ላንብብ።

ሟች ናፍጣዋ የቤት መኪና ከአባቷ ከዲዝል ሞተር፣ ከእናቷ ከቶዮታ ኮሮላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን አገር ተወለደች። አያቷ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1913 ከተሳፈረበት መርከብ ላይ ጠፍቶ መቃብር እንኳ ሳያገኝ ቀርቷል። ሟች ግን ዕድሜ ተርፏት ባሕር ተሻገረች፤ በጅቡቲ ገብታ ኮድ 2 ሰሌዳ አሰረች፤ ቤተሰብ አፈራች።

ጠባይዋን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጠዋት ቁልፉ እስከ ግማሽ ብቻ ይዞራል። ዳሽቦርዱ ላይ የተጠመዘዘ ሽቦ መልክ ያላት ቢጫ መብራት ትበራለች። ካንዴላ የላትም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው ተጨምቆ በጋለ አየር ስለሆነ ማሞቂያው ሥራውን ጨርሶ መብራቷ እስክትጠፋ መታገስ ግድ ነው። መርሳ ቆላው ላይ ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ጋሸና ላደረ ሰው ግን አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያስደግማል። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ መነሳቷን ይሰማል፤ ልብስ ያሰጣችም ሮጣ ልብሷን ትሰበስባለች።

ስለ ምቾቷ አስለቃሿ ብዙ ብላለች፤ እኔ ልመጥን። አስፋልቱ ላይ፣ ከውርጌሳ መርሳ፣ ከመርሳ ሲሪንቃ፣ ከሲሪንቃ ወልዲያ፣ ወገብ የማታስከፋ ነበረች። ሊብሬዋ አምስት ሰው ይላል፤ እኛ ሕፃን አይቆጠርም እያልን ስምንት እንሆናለን። የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫዋ የመርሳን ፓፓያና የበዓል በግ አንድ ላይ ይይዛል። ወልዲያ ሲደረስ ፓፓያው ጎድሎ ነበር የሚባለው የበጉን ስም ማጥፋት ነው።

ከወልዲያ ወደ ድልብ በሚያወጣው የቻይና መንገድ ላይ ግን እውነቱ ይገለጣል። ተርቦ የላትም። ከፍታው አየሩን ሲያሳሳው ጉልበቷ ይከዳታል፣ ጭሷ ይጠቁራል፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ሳይቀር ክላክስ አድርጎ ያልፋታል። ቅድም አስለቃሿ «ክፉ ነገር ከእሷ አልወጣም» ስትል፣ ዳገት ላይ ከኋላዋ የነዳን ሁሉ ሳል ያዘን።

ወደ ሕመሟ ልለፍ። መጀመሪያ ያገኛት በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ነው፤ ያረጀ መኪና የሚያስገባ ሰው የሚከፍለውን አክብዶ ዘሯን አመነመነው። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ከመኪና በፊት የምንቀብረው ሰው ነበረንና ያን ዘመን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ሊትሩ ወደ 32 ብር፣ ናፍጣ ወደ 29 ብር ነበር። የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ መነሳት ሲጀምር፣ ሐምሌ ላይ፣ ናፍጣ 49 ብር ገብቶ ቤንዚንን ራሱን በለጠ። የመጨረሻው ምት ጥር 2016 ላይ መጣ፤ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቁ። ዘሯ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

እንግዲህ «ርካሽ ነበረች» እያላችሁ ደረት የምትመቱ፣ ቀስ በሉ። ርካሽነቷ የራሷ ጠባይ አልነበረም፤ የናፍጣዋን ዋጋ ከፊሉን መንግሥት ሲከፍልላት ኖሮ ነው። ድጎማው ሲነሳ ትክክለኛ ዋጋዋን አየነው።

የራሷ የሆነው በጎነት ሌላ ነው። ናፍጣ ጨርሳ መንገድ ላይ ስትቀር ቧንቧዋ አየር ይስባል፤ ቢሞሉላትም አትነሳም። ያኔ መካኒኩ ኮፈኗን ይከፍትና ማጣሪያው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ በመዳፉ ደጋግሞ ይጫናል። መጀመሪያ ትለሰልሳለች፤ አየሩ ሲወጣ ከመዳፉ ሥር ትጠነክራለች። «አስነሷት!» ይላል፣ ትነሳለች። ኮምፒውተር አልተሰካ፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አልተጠራ፤ መፍቻና ዘይት የጠጣ ጨርቅ በቂ ነበር።

ስለዚህ ቅሬው ለሚመለከታችሁ ሁሉ የሚለው ይህ ነው፦ ኤሌክትሪኳን አምጡልን፤ ጭስ የናፈቀው ሰው የለም። ነገር ግን ቻርጅ ማድረጊያውን ደሴ፣ መርሳ፣ ወልዲያ እያላችሁ በዚህ መንገድ ትከሉልን፤ የመንገድ ዳር መካኒኮቻችንንም ቶሎ አሰልጥኑልን። ጭስ ኖራትም አልኖራትም፣ በአቅራቢያዋ የሚጠግናት ያጣች መኪና ግቢ ውስጥ የቆመች ዕዳ ናት።