መሐል የሌለው ሳሎን

አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ጅግጅጋ ይሁን ቀብሪበያህ ወይም ቶጎ ውጫሌ፣ ሆም ቲያትር ያለበት ሳሎን ሲገባ አምስቱም ስፒከሮች የሚገኙት አንድ ቦታ ነው፤ ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ተደርድረው። «ሰራውንድ» ተብለው የተሸጡት፣ ከአድማጩ ጀርባ እንዲቆሙ የተሠሩት ሁለቱ ትንንሾች ሳይቀሩ ፊት ለፊት ናቸው። ሽቦው አይደርስማ! ቢደርስም በሩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ይውላል። ይህ ሁሉ እያለ ባለቤቱ ትንሽ ገንዘብ እጁ ሲገባ የሚያስበው ከ5.1፣ ማለትም ከአምስት ስፒከርና ከአንድ ቤዝ፣ ወደ 7.1 ማደግን ነው። ሁለት ተጨማሪ ስፒከር፣ ለዚያው ቡፌ።

ጥፋቱ የሽቦው ብቻ ቢሆን በጥቂት ሜትር ሽቦ ይፈታ ነበር። ችግሩ ዕቃው የተነደፈው ሶፋው መሐል ላይ ለሚቀመጥ ቤት መሆኑ ነው። በመመሪያው መሠረት የፊቶቹ ሁለት ስፒከሮች ከአድማጩ 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ መቆም አለባቸው። አድማጩ አንድ ነው፣ ቦታውም አንድ ነው። የእኛ ሳሎን ግን መጅሊስ ነው፤ ፍራሹና ትራሱ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ ሰውም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ዙሪያውን ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ጫቱ መጥቶ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ መሐል ላይ የሚቀረው ፔርሙዙ፣ ብርጭቆውና የሲጋራ መተርኮሻው ነው። ስለዚህ በመሐንዲሶቹ ስሌት ፊልሙን ዳይሬክተሩ እንዳሰበው የሚሰማው ፔርሙዙ ብቻ ይሆናል። የኋላዎቹ ስፒከሮች ቦታቸውን ይያዙ ከተባለ ደግሞ አንዱ የሚያርፈው የቤቱ ትልቅ ሰው በሚደገፉበት ግድግዳ ላይ፣ ከጆሯቸው በስንዝር ርቀት ነው። «አብቲ (አጎቴ)፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ሄሊኮፕተሩን ከለሉብን» የሚል ልጅ እዚህ አገር ገና አልተወለደም።

«ግዴለም፣ ቦታውን እናስተካክላለን» የሚል አይጠፋም። ተስተካከለ እንበል። የኋላዎቹ የሚናገሩትን ከየት ያመጡታል? ዶልቢ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ1992 በ«ባትማን ሪተርንስ» ሲኒማ ቤት ሲገባ ስድስቱ ድምፆች ለየብቻ ተዘጋጅተው ነበር። ከዲሹ ሪሲቨር ጀርባ ተነስቶ በቀይና በነጭ ገመድ የሚመጣልን ግን ሁለት ድምፅ ነው፤ ግራና ቀኝ። ሱቅ ሄደን ፍላሽ ላይ የምናስጭነው ፊልምም ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ሶማሊኛ የተመለሰው የህንድ ፊልምማ ሁለት መሆኑም ያጠራጥራል። ማሽኑ ታዲያ ምን ያድርግ? የፊቱን ቀድቶ ወደ ኋላ ይልካል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በአንድ ጊዜ አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኳድራፎኒክ የተባለ ባለ አራት ስፒከር ማጫወቻ አውጥተው፣ የአንዱ ኩባንያ ሸክላ በሌላው ማሽን አልሠራ ሲል፣ ሰዉም ለአራት ስፒከር የሚሆን ጥግ ሲያጣ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ገበያው ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1931 ስቴሪዮን በስሙ ያስመዘገበው እንግሊዛዊው አላን ብሉምላይንም ሐሳቡ የመጣለት ሲኒማ ቤት ነው ይባላል፤ ተዋናዩ በአንድ በኩል ቆሞ ድምፁ በሌላ በኩል ሲመጣ ተናዶ። ለእሱ ንዴት ሁለት ስፒከር በቂ ነበር።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ከሁለትም ያነሰ በቂ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 ገጣሚው ጋርዬ የጀመረው «ዴለይ» የተባለው የግጥም ምልልስ፣ ሀድራዊን የመሰሉ ገጣሚዎች እየመለሱበት፣ በየስንኙ በ«ደ» ድምፅ የሚጀምር ቃል እየገባበት፣ የዚያድ ባሬን መንግሥት እያስቆጣ ከሰው ሰው የተዛመተው በካሴት ነው። ካሴቱ ከካሴት ይገለበጣል፣ ግልባጩ እንደገና ይገለበጣል፤ መጨረሻ ላይ ከግጥሙ እኩል ሹሹታው ይሰማል። የሚሰማውም በአንዲት ቴፕ፣ በአንዲት ስፒከር፣ ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ድምፅዋ በሚጎተት መሣሪያ ነበር። ያም ሆኖ ቃል አልጠፋም፤ ያልተማረው ሳይቀር በቃሉ ይዞት ነበር። ሐርጌሳ የባህል ማዕከል ውስጥ ዛሬ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበዋል። ከእነሱ አንዱን በ5.1 የሚያጫውት ሰው የሚያተርፈው ያንኑ ሹሹታ ከአምስት አቅጣጫ መስማት ነው። ቴሌቪዥኑ የሚያመጣልንም ዜና፣ ድራማ፣ ስብከት፣ ክርክር በመሆኑ አብዛኛው ንግግር ነው። ንግግር ደግሞ የሚመጣው ከፊት ነው።

«እዚህ ርካሽ ነው፣ ለምን አንገዛም?» የሚለው መከራከሪያ አንድ ሰሞን ያስኬድ ነበር። ዕቃው ከዱባይ በርበራ፣ ከበርበራ ሐርጌሳ፣ ከሐርጌሳ ደግሞ ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ቶጎ ውጫሌ ይገባል፤ ካራማራን ሳይሻገር የገዛ ሰውም በአዲስ አበባው ዘመዱ ላይ ይኮራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፎ፣ ርካሹም እንደ ድሮው ርካሽ አልሆነም። ከዋጋው ይልቅ ሳቄን የሚያስጨርሰኝ ግን የካርቶኑ ጽሑፍ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «10,000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» ተብሎ ይጻፋል። የእንጀራ ምጣድ የሚፈጀው 3,500 ዋት ገደማ ነው። ሦስት ምጣድ ባንድ ጊዜ ቢሰካ ቆጣሪው ይወድቃል፤ ይህ ዕቃ ግን በቀጭን ገመድ ይሰካና መብራቱ ቅም አይለውም። ማሽኑን ገልበጥ አድርጎ በጉንዳን እግር የተጻፈውን ያነበበ ሰው ደግሞ 60 ወይም 80 ዋት የሚል ያገኛል። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ የተስማሙበት መለኪያ የለውም፤ አምራቹ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፋል። ይህ ማጋነን አይባልም፣ ውሸት ነው። የሚዋሸውም ሀብታሙን አይደለም፤ ሀብታሙ ብራንድ ይገዛል። የሚዋሸው ከባጃጅ ገቢ ላይ እየቆጠበ፣ ትልቁን ቁጥር ከትልቅ ድምፅ ጋር አንድ አድርጎ ያመነ ሰው ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዐሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል።

ሻጩን መቆጣት አይገባም። «እኔ ያመጣሁት ከነካርቶኑ ነው» ሲል እውነቱን ነው። ሌላም የማይናቅ መከራከሪያ አለ፤ ስፒከር ለመስማት ብቻ አይገዛም፣ እንግዳ ሲመጣም ቤቱን ያደምቃል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ለማድመቅ ከሆነ 7.1ም ያንሳል። ለጆሮ ከሆነ ግን ያለውን ጥቂት ብር መጀመሪያ ስታቢላይዘር ላይ ማዋል ይሻላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሚቃጠለው አምፕሊፋየር የበለጠ ውድ ስፒከር የለም። ቀጥሎ የፊቶቹን ሁለቱን ማራራቅ፣ የመሐሉን ከቡፌው ግርጌ አውጥቶ ወደ ጆሮ ከፍታ ማቅረብ፣ ቤዙን ከጥግ ማውጣት ነው፤ ጥግ ላይ ሲሆን ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ያጉረመርማል። ይህ ሁሉ ነፃ ነው። ምንጣፉና ትራሱማ በእኛ ቤት ድሮም አለ፤ አዲስ አበባ ባለው ባለ ሴራሚክ ሳሎን ድምፅ እየነጠረ ሲያስቸግር የጅግጅጋ መጅሊስ ሳያስበው ይውጠዋል። መጋረጃም ይረዳል፣ ወፍራም ከሆነ። የመጋረጃ ዋጋም አሁን አሁን የሚቀመስ አይደለም እንጂ።

አይ፣ እገዛለሁ ብሎ የቆረጠ ሰው ካለ ፍላሹን ይዞ ገበያ ይውጣ። ሱቁ የሚያስጮኸውን ዘፈን አጥፉልኝ ይበል፣ ቤዙን ዝቅ ያስደርግ፣ ከዚያ አንድ ሰው ሲናገር የተቀዳውን ይስማ። ቃሉ ጥርት ብሎ ካልተሰማው ዋጋ መጠየቁንም ይተወው።