የአቶ ነጥብ ኤክስኢኒትአርሲ አጭር የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኞች ሆይ፣ ድንኳኑ ጠበበን አትበሉ። ሟቹ ዕድሜያቸውን የገፉት ዐሥር መስመር በማትሞላ ፋይል ውስጥ ነው።

አቶ ነጥብ ኤክስኢኒትአርሲ እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ ከተጀመረው ከኤክስ ዊንዶው ሲስተም ወገን ናቸው። ሊኑክስ ቤት የገቡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከኤክስ ጋር ነው። በስማቸው ፊት ያለችው ነጥብ የማዕረግ እንዳትመስላችሁ፤ መሸሸጊያ ናት። በዩኒክስ ደንብ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተራ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ኖረው ያላየናቸውን ሰውዬ መሞታቸውን ዘግይተን ብንሰማ ምን ይገርማል?

ሥራቸው አንድ ነበር። ሰው በጥቁሩ ስክሪን ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ «ስታርትኤክስ» ብሎ ሲጽፍ፣ የትኛው ዴስክቶፕ ይነሣ የሚለውን የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው በሌሉበት ቤት ሲስተሙ ያለውን ያቀርባል፤ ቲደብሊውኤም የተባለ የመስኮት አስተዳዳሪ፣ አንድ ሰዓት፣ ጥቂት ተርሚናሎች፣ ከኋላ ደግሞ ዓይን የሚያጭበረብር ግራጫ ነጠብጣብ። ያንን ያየ ሁሉ ሮጦ ደጃቸው ይቆማል።

ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ ጠባያቸው ከባድ ነበር። ከላይ ወደ ታች ያነባሉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አይነኩም። ሰዓቱን በሚጠራው መስመር መጨረሻ ላይ የ«እና» ምልክቷን (&) የረሳ ሰው ጉድ ፈላበት፦ ሰዓቱ ብቻውን ተነሥቶ ጥግ ይዞ ይቆጥራል፣ እሳቸው ሰዓቱ እስኪዘጋ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ዴስክቶፑ አይመጣም። ያቺኑ ምልክት በመጨረሻው መስመር ላይ የጨመረ ደግሞ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ወደ ጥቁሩ ይመለስበታል፤ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብለው መብራት አጥፍተው ይወጣሉና። ነፍሳቸው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነበረች፤ እሷ ስትዘጋ ቤቱ በሙሉ ይዘጋል። እኔን በአንዲት ምልክት ሰበብ ሌሊቱን ሙሉ አስቀምጠውኛል። ያን ጊዜ ቢሞቱ ኖሮ አላለቅስም ነበር።

ክብራቸው የታየው በሁለቱ ቤቶች ጠብ ጊዜ ነው። በኦክቶበር 1996 ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪክ ኬዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ለመሥራት ጥሪ አቀረበ። ኬዲኢ የቆመበት ኪውቲ የተባለ ሶፍትዌር ፈቃዱ ነፃ አይደለም ያሉት ሜክሲኳውያኑ ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና ደግሞ በኦገስት 1997 ተፎካካሪውን ግኖምን ጀመሩ። ወዳጅ ከወዳጁ ተኳረፈ። እሳቸው ግን ለማንም አላደሉም፤ «ኤግዜክ ስታርትኬዲኢ» ሲባሉ አንዱን፣ «ኤግዜክ ግኖም-ሴሽን» ሲባሉ ሌላውን ያስነሡ ነበር። ጠዋት ከአንዱ ቤት፣ ማታ ከሌላው የሚያመሸውን ሰው እንኳ አልታዘቡትም። ኪውቲ በ2000 በነፃው የጂፒኤል ፈቃድ ሲወጣ የጠቡ ሰበብ ቀረ፤ ጠቡ ግን ወሬውን አልሰማም።

ለሞት ያበቃቻቸው አንዲት አኃዝ ናት። በሬድ ሃት ቤት፣ ኢኒትታብ በተባለው ፋይል ውስጥ፣ 3 የነበረው 5 ሆነ። በ3 ማሽኑ በጥቁር ስክሪን ይቀበልሃል፤ በ5 በሥዕላዊ መግቢያ። ሥዕላዊው መግቢያ የራሱ የዴስክቶፕ ዝርዝር አለውና ሽማግሌውን የሚያማክርበት ምክንያት አልነበረውም። ኢኒትታብም ብዙ አልተደሰተም፤ ሲስተምዲ የተባለ ተተኪ መጥቶ ከሥራ አሰናበተው። ኤክስ ራሱም አርጅቶ ቤቱን ለወራሹ ለዌይላንድ በማስረከብ ላይ ስለሆነ ለቅሶ መድረስ አልቻለም።

አሁን ሳጥኑን አንሡ... ማነው ከኋላ ቁልፍ የሚጫነው? ያ ጢማሙ ልጅ ነው፤ ሥዕላዊ መግቢያ እስከዛሬ ማሽኑ ላይ አልጫነም። «ስታርትኤክስ» ብሎ ጻፈ። ጎበዝ፣ ክዳኑ ተነቃነቀ! ሟቹ ተነሡ!

ቆይ። ሰዓቱ ብቻ ነው የመጣው። ልጄ፣ ምልክቷን ረስተሃል።